«እኔ አልጠጣም» ማለት ይበቃል ወይ?

አንድ ተማሪ ሰክሮ ጎዳና ላይ ሲወድቅ ጥፋተኛው ማነው? «የጠጣው ራሱ ነዋ!» እንላለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ አእምሮ የተሰጠው ሰው ስለ ሥራው ተጠያቂ ነውና። ነገር ግን ተጠያቂነቱ በእርሱ ላይ ብቻ ያበቃል ወይ?

እስቲ በማዕድን ውኃዋ የምትታወቀውን አምቦን እንመልከት። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በጉደርና በወሊሶ ጭምር ግቢዎች አሉት። ከየአቅጣጫው ተመድበው ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ከወላጅ ቤት ርቀው ሲኖሩ የመጀመሪያቸው ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት በአንድ ቀን ከአጠገባቸው ይጠፋል። ዩኒቨርሲቲው ጥበቃና ደንብ ቢኖረውም ጥበቃው በር ላይ ያቆማል። ከበሩ ወዲያ ጠላውም፣ አረቄውም፣ ድራፍቱም ያለበት ከተማ ነው።

ሕግ የለም እንዳንል አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። በ18 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት ሦስት ዓመት ያህል በዚህ ክልከላ ሥር ነው። መታወቂያው በኪሱ አለ፤ አውጣ የሚለው ሻጭ ግን ስንት ነው?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ አስካሪ መጠጥ ሲያስጠነቅቁ ጠጪውን ብቻ ነጥለው አልተናገሩም። በታወቀው ሐዲስ ጨማቂው፣ ተሸካሚው፣ ቀጂው፣ ሻጩና ዋጋውን የሚበላው ጭምር በአንድ ላይ አስር ሆነው ተቆጥረዋል። ስካር ብዙ እጅ ያለበት ሰንሰለት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ግቢ በር አጠገብ ያለውን ቤቱን ለመጠጥ ቤት ያከራየ ሙስሊም «እኔ አልጠጣም፤ የማከራየው ግድግዳና ጣሪያ ነው» ቢል ከሰንሰለቱ ይወጣልን? ኪራዩ ከምን እንደሚከፈል እያወቀ? ጫት ነጋዴውስ? ከምርቃና በኋላ ለ«ጨብሲ» ወደ መጠጥ ቤት የሚያመራውን ተማሪ የማያውቅ የለም። አረቄውን እያወገዝን ስለ ጫቱ ዝም ካልን የሌላውን ጉድፍ ቆጥረን የራሳችንን ሸፈንን ማለት ነው።

ፍትሕ ግን ሌላም ነገር ይጠይቃል። ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት አለች። ሌላ መተዳደሪያ ሳያገኙላት ቤቷን ማሸግ ሸክሙን ከትልቁ ነጋዴ ወደ ድሃዋ ማሻገር ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረ ፕሮግራም አስር ዩኒቨርሲቲዎች ከየከተሞቻቸው ጋር ተባብረው ነበር። በሽያጭና በማስታወቂያ ላይ ቁጥጥሩን አጥብቀው የሠሩት ዘንድ አደገኛው አጠጣጥ ሲቀንስ፣ ጥቂት የሠሩት ዘንድ ይህ ለውጥ አልታየም። ምክር ብቻውን አልበቃም።

በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሙስሊሙ ጥቂት ነው። «ምን አገባን?» የሚል ግን ጉርብትናን ረስቷል። ዩኒቨርሲቲው፣ ቀበሌው፣ እድሩ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው በሁለት ነገር ይስማሙ፤ ሻጭ መታወቂያ እንዲጠይቅ፣ ተማሪም ከመጠጥ ቤት ሌላ የሚያመሽበት ስፍራ እንዲያገኝ። አከራዩ ደግሞ ጉባኤ ሳይጠብቅ ውሉን ዛሬውኑ አውጥቶ ይመልከት። ልጁን የላከች እናት አደራዋን የጣለችው በግቢው አጥር ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነውና።