ቢላዋውን የተቀበለው አባት



ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ክርክር ገጥሜ ነበር። መነሻው «አታክ ኦን ታይታን» የሚባለው የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነው። ሃጂሜ ኢሳያማ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2009 መሳል ከጀመረው ታሪክ ተወስዶ ከ2013 እስከ 2023 በየጊዜው የቀረበ ነው። ካርቱን ሲባል የሕፃናት መሳቂያ የሚመስለው ቢኖር ይጠንቀቅ። ሰው በላ ግዙፋን፣ በግንብ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ሕዝብ፣ እናቱ በዓይኑ ፊት የተበላችበት ልጅ፤ እንዲህ እያለ የሚቀጥል ነው።

አንደኛው ጓደኛችን «ይህን ማየት ልብን ማጨለም ነው፤ በውስጡ አንድም ደግ ሰው የለም» አለ። እኔ ግን አለ ባይ ነኝ። ያውም ጀግና የማይባል፣ በአደን ልጁን ያሳደገ የገጠር ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ሰው ልጅ ሳሻ ወታደር ነበረች። የደሴቲቱ ወታደሮች የጠላትን ከተማ ወርረው ብዙ ሰላማዊ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ጓደኞቿ ሲሞቱ ያየች ጋቢ የምትባል ልጅ (ስሟ እንደ እኛ ልብስ ነው) ተከትላ ሳሻን በጥይት ገደለቻት። ጋቢ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ የደሴቲቱ ሰዎች ሰይጣናት ናቸው እየተባለች ያደገች። ከእስር አምልጣ ስትንከራተት የሳሻ ወላጆች ማንነቷን ሳያውቁ አስጠግተው አበሏት። በኋላ እውነቱ ሲወጣ፣ ሳሻን ይወዳት የነበረው ምግብ አብሳይ ኒኮሎ ለአባትየው ቢላዋ አቀረበለት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ልጃችንን «ደመላሽ» ብለን ስም የምናወጣ ሕዝብ ነን። ደሙን ያልመለሰ ሰው በገጠር ምን እንደሚባል፣ ሽማግሌ ገብቶ እርቅ እስኪወርድ ድረስም ስንት ቤት እንደሚዘጋ ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ስለዚህ በዚያ አባት እጅ ላይ የነበረው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ አስረጂ አያስፈልገንም።

አባትየው ቢላዋውን ተቀበለ፤ ግን አልሰነዘረውም። የተናገረው በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ልጁን በጫካ ውስጥ አድና እንድትበላ አሳደጋት፤ ከጫካ ብትወጣም ዓለሙ ራሱ መግደልና መገደል ያለበት ሌላ ሰፊ ጫካ ሆኖ ተገኘ፤ ልጆችን ከዚያ ለማውጣት የቀደመውን ጥላቻና በደል መሸከም ያለባቸው ትልልቆቹ ናቸው። ይህን ሲል ሐዘኑ ቀሎለታል ማለት አይደለም።

ጓደኛዬ «ታዲያ ምን አተረፈ?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ወዲያው ሳሻ ከሞት ያዳነቻት ካያ የምትባል ልጅ ቢላዋውን አንሥታ ጋቢን ልትወጋ ተወረወረች፤ በሰው እጅ ተያዘች። በፊልሙ ፍጻሜ ደግሞ ከሰው ዘር አብዛኛው ያልቃል፤ የሚመጣውም ሰላም ዘለቄታ የለውም። የአባትየው ቃል ጦርነቱን በአንድ ቀን እንኳ አላሳጠረውም። ይህን ልክድ አልፈልግም።

ሆኖም ጋቢ በሕይወት ቀረች። ኋላ ካያ በአንድ ግዙፍ ልትበላ ስትል ጠመንጃ አንሥታ ያዳነቻት ይህችው ጋቢ ናት። ያን ቀን ቢላዋው ተሰንዝሮ ቢሆን ኖሮ ካያን የሚደርስላት ማን ነበር? አባትየው ግን ይህን አስቀድሞ አላወቀም። እሱ የወሰነው ከፊቱ ስለቆመችው አንዲት ልጅ እንጂ ስለ ዓለም ፍጻሜ አልነበረም። የእኔም ክርክር ይኸው ነው፤ ደግነት በውጤቱ ብቻ የሚመዘን ከሆነ ማንም ሰው በሰዓቱ ደግ ሊሆን አይችልም።

ይህን እያልሁ ሳለ ጓደኛዬ «አንተስ?» ብሎ አቋረጠኝ። መልስ አጣሁ። ታላቅ ወንድሜን በጠብ ከፈነከተው ልጅ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንደሌለኝ ያውቃል። ወንድሜ ራሱ ከታረቀው ቆይቷል፤ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ በር ላይ ስንገናኝ ልጁ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥሁት፤ ዓይኑን ግን አላየሁትም።