እሷም ጾም ላይ ናት

ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ለምንኖር ሰዎች የዓቢይ ጾምን መግባት የሚነግረን የቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም፤ የዓሣ ፈላጊው መብዛትም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው።

ቆሮሶ በሐይቃችን ዓመቱን ሙሉ ቢራባም፣ በርትቶ ከሚራባባቸው ወቅቶች አንዱ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ አፏ ውስጥ ናቸው። ያን ሰሞን ታዲያ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። እናላችሁ፣ እኛ ጾም ነው ብለን ስናሳድዳት እሷም ጾም ላይ ናት። አስጋሪው ማታ የጣለውን መረብ ንጋት ላይ ሲስብ ከእሷ ጋር የሚጠፋውን ማን ቆጥሮት!

አሞራ ገደል ሄዳችሁ አስጋሪውን ብትወቅሱት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እኔ ብለቃት ሌላው ይይዛታል።» መቼም በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ሐይቁ አጥር የለውም። ሕግ ያከበረው ጀልባው ሳይሞላ ሲመለስ፣ ዓይነ ጠባብ መረብ የጣለው ገበያውን ይወስዳል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህም መዳፍ የማታክል ቆሮሶ ስትሸጥ አይቻለሁ።

ቢሆንም ክርክሩ ግማሽ ነው። ሌላው መያዙ ስለ ዓሣዋ ዕጣ ይነግረናል እንጂ የያዥዋን እጅ ከደሟ አያነጻም። ይህን ማለት ደግሞ ደመወዝ ለሚበላ ሰው ቀላል ነው። ለአስጋሪው መረቡ የልጆቹ ደብተር ነው። ስለዚህ መታቀቡ ብዙም ከማይጎዳው ይጀመር ባይ ነኝ፤ እሱም ጥብስ በዳጣ የማዘው እኔ ነኝ። ለእኔ ዓሣ መተው ወደ ሽሮና ምስር መመለስ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። በእነዚያ ወራት አልገዛም፤ በሌላው ጊዜ ለትልቁ ቆሮሶ የተጠየቅሁትን ሳልከራከር እከፍላለሁ።

አንድ ወዳጄ ይህ አልተዋጠለትም። የአስጋሪው ቤት ኪራይ የካቲት ላይም ይከፈላል ነው የሚለው።