ማስታመም የማን ግዴታ ነው?

በአሰላና በአርሲ ደጋ ቀበሌዎች ሰው ሞተ ሲባል ጀናዛውን የሚያጥብ፣ ከፈኑን የሚቆርጥ፣ ቀብሩን የሚቆፍር አይጠፋም። ፈርድ ኪፋያ ነውና ማንም ካልተወጣው ወንጀሉ የሁላችንም እንደሆነ እናውቃለን። ኩላሊታቸው የደከመ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ግን የሚያገላብጣቸው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚሰጣቸው፣ የእግራቸውን እብጠት የሚያይላቸው ማነው? ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ምራት ናት። እኛማ ለዚያራ ብርቱካን ይዘን እንገባለን፤ ዱዓ አድርገን እንወጣለን።

በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ መሆኑን አልዘነጋሁም። ጥያቄዬ ሐቁ በዚያራ ብቻ ያልቃል ወይ ነው።

በማሽን የሚደረገው የኩላሊት እጥበት በአብዛኛው በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑም 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከበቆጂ ወይም ከጢቾ ለሚነሱ ሽማግሌ መንገዱ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሌላ ዓይነት እጥበትም አለ፤ ፔሪቶኒያል ዲያሊሲስ ይባላል። ሆድ ላይ በተተከለ ቀጭን ቱቦ 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ይገባል፤ የሆድ ዕቃን የሸፈነው ስስ ሽፋን ከደም ውስጥ ቆሻሻውን ወደ ፈሳሹ ያሳልፋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ያ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ይህ በቀን 4 ጊዜ ያህል ነው። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንን ማስቀደም ጀመረች። በፈረንሳይ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ነርስ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ትቀይርላቸዋለች። በእኛ አገር እምብዛም አልተለመደም። ነገር ግን ፈሳሹ ነገ አሰላ ቢደርስ እንኳ ማን ይቀይረዋል? በደንብ ያልታጠበ እጅ የነካው ቱቦ ሆድን ያመረቅዛል፤ ይገድላልም። በማሽን የሚታጠቡትም ቢሆኑ ቤት ሲመለሱ ጨውና ውኃቸውን የሚመጥንላቸው ሰው ይሻሉ።

በሂጅራ 2ኛው ዓመት፣ በበድር ጊዜ፣ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) የታመመች ባለቤታቸውን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያን ሊያስታምሙ ከዘመቻው ቀሩ። ነቢዩም የዘማች አጅርና ድርሻ እንዳላቸው ነገሯቸው። አስታማሚው ወንድ መሆኑን ልብ ይሏል። በኸንደቅ ለቆሰሉት ለሰዕድ ኢብን ሙዓዝም ድንኳን የተተከለላቸው መስጊድ ውስጥ ነበር።

«የወላጅ ኺድማ የልጅ ፈርድ ነው፤ ጀመዓው ምን አገባው?» የሚሉኝ አሉ። ፈርድነቱ እውነት ነው፤ ሱረቱል ኢስራእ (17፡23) የወላጅን ነገር ከተውሒድ ትእዛዝ አስከትሎ ያነሳዋል። ታዲያ ልጁ ጅዳ ቢሆንስ? የቀረችው አንዷ ሌሊቱን ነቅታ አድራ ቀን ገበያ የምትውል ብትሆንስ? ግዴታው ከእርሷ ባይነሳም ሸክሟን እንዳንካፈል ማን ከለከለን?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ቤት ለቤት ቢዞሩም ትኩረታቸው በአብዛኛው እናቶችና ሕፃናት ላይ ነው፤ አይፈረድባቸውም። አሰላ ግን ሪፈራል ሆስፒታልና የጤና ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት፤ ፈቃደኛ የሚያሠለጥን ነርስ አይጠፋባትም። በየመስጊዱ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ይመረጡ፤ እንደ ጀናዛ አጣቢዎቻችን ወንዱ ለወንድ፣ ሴቷ ለሴት። ለቀብር ከምናዋጣው የእድር ገንዘብ ላይ ጥቂት ይቀነስላቸው። የመጀመሪያው ወጪ ሳሙና፣ ጓንትና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ነው።