«ሽንኩርቱ የእኔ ነው»

ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1880 ጽፎ በጨረሰው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ፣ ግሩሼንካ የተባለች ስሟ የጎደፈ ሴት በገዳም በረድእነት ለሚያገለግለው ወጣት ለአልዮሻ አንድ ተረት ትነግረዋለች። ዕድሜዋን ሁሉ በክፋት ያሳለፈች አሮጊት ሞተችና አጋንንት በእሳት ባሕር ጣሏት። ጠባቂ መልአኳ በአምላክ ፊት የሚያቀርብላት በጎ ሥራ ቢፈልግ ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ከጓሮዋ ሽንኩርት ነቅላ ለለማኝ ሰጥታ ነበር። ያንኑ ሽንኩርት እንዲዘረጋላት፣ ይዛው ከወጣች ገነት እንድትገባ፣ ከተበጠሰ ግን ባለችበት እንድትቀር ተፈቀደ። መልአኩ በጥንቃቄ ስቦ ሊያወጣት ጥቂት ሲቀረው ሌሎቹ ኃጥአን አብረው ለመውጣት ተንጠላጠሉባት። እሷም በእርግጫ እየመታች፣ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ሽንኩርቱም የእኔ ነው አለቻቸው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሽንኩርቱ ተበጠሰ።

በተአምረ ማርያም የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሰማ ምእመን ይህ ተረት እንግዳ አይሆንበትም። እዚያም ለተጠማ የተሰጠች ጥርኝ ውሃ የአንድን አስፈሪ ሰው ሚዛን ደፍታለች። የሩሲያው ተረት ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር ይጨምራል። ልብ በሉ፣ ሽንኩርቱን የኃጥአኑ ክብደት አልበጠሰውም፤ የተንጠላጠሉትን ሁሉ ችሎ ነበር። የበጠሰው «የእኔ» የሚለው ቃል ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ በእነዚያ ታላላቅ የሩሲያ መጻሕፍት ጻድቁን ከኃጥኡ የሚለየው የሠራው በጎ ነገር ብዛት ሳይሆን፣ የሠራውን የራሱ ሀብት አድርጎ መያዝ አለመያዙ ነው።

ለዚህ ከቶልስቶይ «አባ ሰርጊ» የበለጠ ምስክር አላውቅም። ድርሰቱ የታተመው ደራሲው ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ልዑል ካሳትስኪ የክብር ዘበኛ መኮንን ነበር፤ እጮኛው የንጉሡ ውሽማ እንደነበረች ሲሰማ ዓለምን ንቆ ሰርጊ ተብሎ መነኮሰ። በዋሻ በዘጋበት ዘመን ልታስተው የመጣችን ሴት ለመቋቋም ጣቱን በመጥረቢያ ቆረጠ። ከዚያ ዝናው ወጣ፤ ሕመምተኛው ከየአገሩ ጎረፈለት። የሚያሳዝነው፣ በመጥረቢያ የተቋቋመውን ፈተና ከዝናው በኋላ አልቻለውም፤ ሊፈውሳት ካመጡለት የነጋዴ ልጅ ጋር ወደቀ። ከበኣቱ ሸሽቶ ሲንከራተት በሕልሙ መልአክ ወደ ፓሼንካ ሂድ አለው። ፓሼንካ በልጅነቷ እሱና ጓደኞቹ መሳለቂያ ያደረጓት፣ አሁን ያረጀች ምስኪን ናት። ሴት ልጇን፣ ሥራ ያጣ ሕመምተኛ አማቿንና የልጅ ልጆቿን ሙዚቃ እያስተማረች ታኖራለች። ሲደርስ ሊጥ እያቦካች ነበር። ተራ ለማኝ መስሏት ዝርዝር ሳንቲም ብታጣ ዳቦ ብቻ ልትሰጠው አሰበች፤ ወዲያው ስስቷ አሳፈራትና ዳቦውንም አስር ኮፔኩንም ትሰጭያለሽ ብላ ራሷን ቀጣች። ስለ ጸሎቷ ሲጠይቃት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ወር እንደሚያልፍ፣ ባረጀ ልብሷ ከልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር መቆም እንደሚያሳፍራት፣ ደግሞም ስንፍና እንዳለባት ነገረችው። አባ ሰርጊ የራሱን ውድቀት ያየው በዚህች ሴት መልስ ነው፤ እሱ በእግዚአብሔር ስም ለሰው ሲኖር፣ እሷ ለሰው የምትኖር እየመሰላት ለእግዚአብሔር ኖራለች።

ይህ ታዲያ ምንኩስናን ማቃለል አይደለምን? አይደለም። በዶስቶየቭስኪ ልቦለድ የአልዮሻ መምህር የሆኑት አባ ዞሲማ መነኩሴ ናቸው፣ አልዮሻንም ወደ ዓለም ወጥቶ እንዲያገለግል የላኩት እሳቸው ናቸው። ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1878 ሕፃን ልጁን ቀብሮ ልቡ ሲሰበር መጽናናት የፈለገው በኦፕቲና ገዳም፣ አባ አምቭሮሲ ዘንድ ነበር። በልቦለዱም ዞሲማ ሲያርፉ ሕዝቡ ተአምር ሲጠብቅ አስከሬናቸው ሸተተ፤ የሚቀኑባቸውም ደስ አላቸው። በገዳምም ሆነ በማዕድ ቤት፣ ቅድስና ምስክር ወረቀት ተይዞ የሚዞርበት ነገር አለመሆኑን ደራሲው በዚህ አሳይቷል።

የበለጠ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። ቶልስቶይ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1901 የለየችው ሰው ነው፤ ከእርሱ ምን ስብከት ይቀዳል? ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ስለ ምሥጢራት ያስተማረውን አልቀበልም፣ ማንም እንዲቀበል አልመክርም። ሆኖም ውዳሴ ከንቱ አንድን ባሕታዊ እንዴት ከውስጥ እንደሚበላው የጻፈው፣ አባቶቻችን በየገዳሙ ሲያስጠነቅቁ ከኖሩት ጋር አንድ ነው። እውነትን ከሳምራዊ አፍ መስማት ካሳፈረን የጌታን ምሳሌ ገና አልሰማንም።

ሥራችንን ካልቆጠርን እንዴት እንታረማለን የሚልም አይጠፋም። ፓሼንካ እኮ ትቆጥራለች፤ የምትቆጥረው ግን ዕዳዋን ነው። በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ውስጥ ያለችውን ሶንያንም እዩ። የእንጀራ እናቷ ልጆች ሲራቡ ገላዋን ሸጣ ሠላሳ ሩብል አመጣች። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ቃል ሳትተነፍስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ኃጢአቷን ጽድቅ አላለችም፣ ስለ እናንተ ነው ብላም አላስከፈለችም፤ ራሷን ኃጢአተኛ ትላለች። እኛ ደግሞ ለነዳያን ምሳ ስናበላ ከወጡ ድስት ቀድሞ ካሜራው ይደርሳል፤ የበላው ሰው ፊቱ በስልካችን ሲዞር ተርቦ መምጣቱን ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ወንድማችንን አስተምረን ለቁም ነገር ስናበቃው፣ በተጣላን ቁጥር የከፈልነውን እናነሣበታለን። ቤት ውስጥ ግን አልጋ የያዘች እናቷን ስታገላብጥ ቅዳሴ ያመለጣት፣ ስለዚህም ራሷን እንደ ሰነፍ የምትቆጥር እህት አለች። እህቴ ሆይ፣ ቅዳሴው ስለ ቀረብሽ ማዘንሽ መልካም ነው፣ አትተዪው፤ እሑድ እናትሽን የሚጠብቅልሽ ሰው መፈለግ ደግሞ የእኛ የጎረቤቶችሽ ፋንታ ነው።