ቡድን ሲወድቅ ደጋፊ ምን ዕዳ አለበት?

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በእግር ኳስ ግን ከምሳሩ ይልቅ የሚያስገርመው ዛፉ ከወደቀ በኋላም አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚቀረው ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት በካፌ ሰልፍ ላይ የምንሰማው ክርክር ይኸው ነው። «አሁንም ከነሱ ጋር ነህ እንዴ? ተዋቸው በቃ፣ ሌላ ያዝ!» ይላል አንዱ። «ሞቼ ነው ቆሜ!» ይላል ቡድኑ የተሸነፈበት። ሳቅ ይሆንና ያልፋል። ሆኖም በዚህ ቀልድ ውስጥ አንድ መሠረታዊ የግብረ ገብ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው የወደደው ነገር ሲደክምና ሲበላሽ አብሮት የመቆየት ግዴታ አለበት ወይ? ከቆየስ በምላሹ ምን የመጠበቅ መብት አለው?

በመጀመሪያ «ደጋፊ ማለት ደንበኛ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ እንመርምር። ደንበኛ ሻዩ ከቀጠነበት ሻይ ቤት ይቀይራል፤ ማንም ከሃዲ አይለውም። ታዲያ ቡድን መቀየር ለምን ያሳፍራል? መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። ሻይ የትም ቢጠጣ ሻይ ነው። የድል ደስታ ግን እንደዚያ አይደለም። ትናንት የያዝኩት ቡድን ዛሬ ዋንጫ ቢያነሣ ደስታው የኔ አይሆንም፤ ባልተጠሩበት ሠርግ እንደ መጨፈር ነው። ደስታው ክብደት የሚያገኘው ከበፊቱ ሐዘን ነውና። እንግዲህ ሁልጊዜ ወዳሸነፈው የሚዞር አድርባይ፣ የሚወደው ቡድንን ሳይሆን ማሸነፍን ነው። ማሸነፍን ብቻ የሚወድ ሰው ደግሞ የማሸነፍን ሙሉ ጣዕም አያገኘውም። የአድርባይነት ቅራኔ ይህ ነው።

«ሁላችንም'ኮ የጀመርነው በወረት ነው!» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። ብዙዎቻችን ማንቸስተር ዩናይትድን ወይም አርሰናልን የያዝነው ታላቅ ወንድማችን ስለያዘው፣ አለዚያም ያን ዓመት ዋንጫ ስላነሣ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ምክንያትና የመቆያው ምክንያት የግድ አንድ መሆን የለባቸውም። ሁለት ተማሪዎች ጓደኛ የሚሆኑት አልጋቸው ስለተጎራበተ ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ዶርም ሲቀይር ግን ጓደኝነታቸው አይፈርስም። በመካከሉ አብረው ያሳለፉት ነገር ራሱ ምክንያት ሆኗል።

ተጨባጭ ምሳሌ እንውሰድ። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1968 የአውሮፓን ዋንጫ አንሥቶ፣ ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1974 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። በታች በተጫወተበት በዚያ አንድ ዓመት ወደ ሜዳው የገባው ተመልካች በአማካይ ከ48 ሺህ በላይ ነበር፤ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ባገራችንም ኢትዮጵያ ቡና በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ካነሣ በኋላ በተከታዮቹ አሥር ዓመታት አንድም ጊዜ አልደገመውም። ዋንጫው በራቀባቸው በነዚያ ዓመታት ግን ካምቦሎጆ በቡና ቲፎዞ ዘፈን ሲናወጥ ይውል ነበር። እነዚህ ሰዎች ድል ፈልገው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድል ሌላ ቦታ ሞልቶ ነበር።

እሺ፣ ታማኝ ሆነን ቆየን እንበል። ምን እንጠብቅ? አብዛኛው ደጋፊ «ማሸነፍ ግዴታችሁ ነው» ይላል። ይህ በቀላል ሒሳብ የሚፈርስ ነገር ነው። በእንግሊዝ ፕሬሚየር ሊግ 20 ቡድኖች አሉ፤ ዋንጫው አንድ ነው። ዋንጫ ማምጣት ዕዳ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ 19 ቡድኖች ደጋፊዎቻቸውን በደሉ ማለት ነው። አንዱ ከከፈለው ሌሎቹ ሊከፍሉት የማይችሉት ነገር እንዴት የሁሉም ዕዳ ይባላል? የመጠበቅ መብት ያለን ልፋትንና ሐቀኝነትን ነው። ተጫዋች ኳስ ቢስት ሰው ነው፤ መሮጥ እየቻለ ባይሮጥ ግን በድሎናል። ዩናይትድ በ2024/25 የውድድር ዘመን በ42 ነጥብ 15ኛ ሲወጣ ትክክለኛው ጥያቄ «ለምን አላሸነፋችሁም?» አልነበረም። «ይህን ሁሉ ገንዘብና ስም ይዛችሁ እንዴት እዚህ ደረሳችሁ? ማን ወሰነ? ማንስ ይጠየቃል?» የሚለው ነበር።

እዚህ ላይ አልበርት ሂርሽማን የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር በ1970 ያሳተመው መጽሐፍ ይረዳናል። አንድ ድርጅት ሲዳከም አባሉ ሁለት መንገድ አለው፤ ጥሎ መውጣት ወይም ድምፁን ማሰማት። ሂርሽማን እንዳስተዋለው ጥራት ሲጓደል ቀድመው የሚወጡት ጥራት የሚገዳቸው ሰዎች ናቸው። ቢቆዩ ኖሮ አጥብቀው የሚጮኹትም እነሱው ነበሩ። ታማኝነት እነዚህን ሰዎች ያዝ አድርጎ ያቆያል፤ ቆይተውም እንዲናገሩ ያደርጋል። እንግዲያው ቡድኑን የሚተቸውን «አንተ ደጋፊ አይደለህም» የሚሉ ጓደኞቻችን ነገሩን ገልብጠውታል። ዝም ለማለት'ማ ታማኝነት ምን ያደርጋል?

ችግሩ ግን ታማኝነት ሊበዘበዝ መቻሉ ነው። ደጋፊው የትም እንደማይሄድ የሚያውቅ ባለቤት ለምን ብሎ ይሰማዋል? እ.ኤ.አ. በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ ዩናይትድን በአብዛኛው በብድር ገዛው፤ ከብድሩም ብዙው በክለቡ ጫንቃ ላይ ተጫነ። በዚያው ዓመት የተቆጡ ደጋፊዎች ወጥተው «ኤፍ ሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር» የተባለ የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ በ2015 የራሳቸውን ሜዳ ከፈቱ። ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። የቀሩትም በ2021፣ ከሱፐር ሊጉ ዕቅድ በኋላ፣ ኦልድ ትራፎርድን ጥሰው ገብተው ከሊቨርፑል ጋር ሊደረግ የነበረው ግጥሚያ ለሌላ ቀን እንዲተላለፍ አደረጉ።

ከሁለቱ ታማኙ ማነው? እኔ ሁለቱም ናቸው እላለሁ። የወጡት ወደ አሸናፊ አልሄዱም፤ ማንም ወደማያያቸው ወደ ታችኛው ሊግ ወረዱ እንጂ። ሲወጡ ያጡት ነገር አለ። አድርባዩ ግን ሲወጣ ያተርፋል። መለያው ይህ ይመስለኛል። ታማኝነት ለባለቤቱ አይደለም፤ ለማኅተሙም አይደለም፤ አብረው ለሚቆሙት ሰዎችና አብረው ለያዙት ነገር ነው። ያ ነገር ከቦታው ከጠፋ፣ ፍለጋ መውጣትም ታማኝነት ሊሆን ይችላል።

እኛስ? ማንቸስተርን ረግጠን አናውቅም፤ ትኬት አንገዛም፤ ጩኸታችንም ባሕር አይሻገርም። የምንከፍለው ትንሽ ነው፤ የምንጠብቀው ግን ብዙ። በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት የሳቱት ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ በቆዳቸው ቀለም ሲሰደቡ፣ ልክ ያጣ ጥበቃ ወዴት እንደሚያደርስ ዓለም አይቷል። ቅርብም ሆነ ሩቅ ያለ ደጋፊ፣ ቢያንስ ሰውን ያለመሳደብ ዕዳ አለበት። ድምፃችን የሚሰማው ደግሞ እዚሁ፣ ባገራችን ሜዳ ነው። የዩናይትድን ተጠባባቂዎች በስም እየጠራ የሰፈሩን ክለብ አሰልጣኝ የማያውቅ ተማሪ ይህን ቢያስብበት ደግ ነው።

ነገሩ ከኳስ ያልፋል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እንበተናለን፤ የሚዳከም ነገር እዚያም ይጠብቀናል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ሽንፈት ጥሎ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ይቆያል፤ ግን አፉን ዘግቶ። ከሁለቱ ይልቅ የማደንቀው እየተከፋም የሚመጣውን፣ እየመጣም የሚናገረውን ነው። ቡድኑ ቢያሸንፍም ባያሸንፍም እንዲህ ያለ ሰው ያለው ክለብ አልሞተም። በዚህ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ብዕሩን ያንሣ፤ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።