ዋስ የሌለው ጋብቻ

ከጆሃንስበርግ በስተምሥራቅ በምትገኘው ዳቬይተን፣ እንደ ሌሎቹ የደቡብ አፍሪካ ታውንሺፖች ሁሉ፣ ኢትዮጵያውያን ትንንሽ ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ። ወደዚያ አገር ከሄዱት ብዙዎቹ የሃዲያና የከምባታ ወጣቶች ናቸው። ወንዱ ብዙ ጊዜ በየብስ፣ ድንበር እየተሻገረና እየተንገላታ ይገባል። ሱቁ ሲቆምለት አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቹ ሚስት ይፈልጉለታል። ፎቶ ይላላካሉ፣ በስልክ ያወራሉ፣ ሽማግሌ ይላካል። ሙሽራይቱ በአውሮፕላን ትመጣለች።

ይህ ቤተሰብ ያጋባው ነው ወይስ በፍቅር የተደረገ? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ማን መረጠ?» ከሚለው አያልፍም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ፣ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር እየመዘኑ የልጃቸውን ጠያቂዎች ሲመልሱ፣ ልቡ ከሰብለ ወንጌል ጋር ነው። ሕጉም ከእሷ ጋር ቆሟል፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዝዛል። በእስልምናም ወሊው ቢያጋባም ልጅቷ ትጠየቃለች፤ የልጃገረድ ዝምታ እንደ እሺታ እንደሚቆጠር በሐዲስ ተነግሯል። ዝምታ ግን ከሀፍረትም ከፍርሃትም ይመጣል።

ምርጫና ቤተሰብ የግድ አይጣሉም። የዳቬይተን ነጋዴ ደንበኞች የሆኑት ደቡብ አፍሪካውያን ለዚህ ምስክር ናቸው። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ከዚያ ዘመዶች ተቀምጠው ሎቦላ ይደራደራሉ። የአገሪቱ የባህል ጋብቻ ሕግም (እ.ኤ.አ. 1998) የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድርድሩን ግን ለወግ ይተወዋል። ፍቅሩ የተጋቢዎቹ፣ ኃላፊነቱ የዘመድ ጭምር ነው።

የእኛም የቀድሞ ጋብቻ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነበር። በሰማንያ ውል ሲታሰር ዋስ ይጠራል። ሽማግሌው ካጋባ በኋላም ከመንደሩ አይጠፋም። ባል ሲበድል ሚስት አባቷ ቤት ትገባለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። እርግጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ «ቻይው» ተብላ ተመልሳለች፤ ያንን ፍትሕ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ቢሆንም አቤት የምትልበት ደጃፍ ነበራት።

ወደ ዳቬይተን የሚላከው ጋብቻ ይህን ደጃፍ አስቀርቷል። አጋቢዎቹ ሆሳዕና ሆነው ያጋባሉ፤ ጠቡ የሚነሳው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። የሰፈሩን ቋንቋ የማታውቅ፣ ገንዘብ በእጇ የሌላት ሴት «እምቢ» ማለት የምትችለው ከመሳፈሯ በፊት ብቻ ከሆነ፣ ፈቃዷ ሙሉ አይደለም። ባልም ያለ የሌለውን አውጥቶ ያስመጣት፣ በፎቶና በድምፅ ብቻ የሚያውቃት ናት፤ እሱም ቢከፋው የሚሸመግለው ሰው ላያገኝ ይችላል። በስልክ ተዋደው ቤተሰብ ሳያማክሩ የተጋቡትም ከዚህ አያመልጡም። ፍቅር መረጠላቸው እንጂ ዋስ አልሆነላቸውም።

ስለዚህ «ማን መረጠ?» ከሚለው ቀጥሎ «ሲበላሽስ ማን ይጠየቃል?» ማለት ያስፈልጋል። ያጋባ ሰው በደስታው ቀን እንደተገኘ ሁሉ በጠቡም ቀን ሊገኝ ይገባል። በስደት ያለው ዕድርና ቤተ እምነትም ሙሽራይቱን በእልልታ ከተቀበለ፣ አቤቱታዋንም የመስማት ግዴታ አለበት። የመመለሻ ቲኬት ዋጋ ከጥሎሹ ጋር አብሮ ቢታሰብ ነውር ሊሆን አይገባም።

ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሌዎች የልጁን ሥራና ዘር ይናገራሉ። የልጅቷ አባት ደግሞ አንድ ነገር መልሶ ይጠይቅ፦ «እዚያ ስትጣሉ ማን ቤት ትገባለች?»