በዓሉ የማን ነው?

በፋሲካ ዕለት ዘመድ ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣል። አያታችን ጋቢያቸውን ደርበው ከተቀመጡበት እያንዳንዱ ቀርቦ ጉልበታቸውን ይስምና «እማማ፣ አወቁኝ? ማን ነኝ?» ይላቸዋል። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ግን እጃቸው የጋቢውን ጠርዝ ጨብጦ ሲንቀጠቀጥ እናያለን።

አያታችን የመርሳት ሕመም አለባቸው። ይህ ሕመም እርጅና ብቻ አይደለም፤ የአንጎል በሽታ ነው። ከዓይነቶቹ የሚበዛው አልዛይመር የተባለው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 በሽታውን ካስረዳው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ብዙውን ጊዜ የትናንቱን አስቀድሞ ይወስዳል፤ የጥንቱን ያቆያል። ጫጫታ፣ የሰው ብዛት፣ የመብልና የእንቅልፍ ሰዓት መዛባት ታማሚውን ያውካሉ። እነዚህም በዓል ይዟቸው የሚመጣ ናቸው።

ታዲያ ያላወቀንን ሰው በበዓል ቀን እንዴት እናክብረው? አንዳንዱ «ከሰው መካከል ይቀመጡ» ይላል፤ አንዳንዱ «ጓዳ ይረፉ» ይላል። የፊተኛው ያደክማቸዋል፤ የኋለኛው በቁማቸው ይቀብራቸዋል።

ባለፈው ዓመት «አባታችሁ የት ቀሩ?» ብለው ስለ አያታችን ጠየቁን። ውሸት ኃጢአት ነውና «ሞተዋል እኮ» አልን። እንደ አዲስ አለቀሱ። ቆይተው ደግመው ጠየቁ፤ ደግመን ነገርናቸው። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መርዶ አረዳናቸው። አፋችን እውነት ተናገረ፤ ፍቅር ግን አልነበረበትም። ዘንድሮ «እስቲ ስለ እርሳቸው ያጫውቱን» አልናቸው። የሠርጋቸውን በቅሎ እያነሡ ሳቁ። ሞታቸውን አልካድንም፤ በሕይወት አሉም አላልንም።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ገባን። እኛ ነጭ ለብሰን በትንሣኤ ሌሊት ስንዘምር፣ እናታችን ሦስት ፋሲካ አያታችንን ስትጠብቅ አደረች። አንድም ቀን አልጠየቅናትም። በመጪው ፋሲካ ከመካከላችን አንዱ መዝሙሩን ትቶ ይቀራል፤ እርስዋ ትሄዳለች። ቀሪው ከበዓሉ የጎደለ አይመስለንም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲህ ያለ አረጋዊ ካለበት ቤት ስትገቡ «አወቁኝ?» አትበሉ። ስማችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ቀስ ብላችሁም አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያም አስታማሚዋን «አንቺስ ዐረፍሽ ወይ?» በሉና ለጥቂት ሰዓት ተኩላት። እርሳቸው ማን እንደሆንን ቢረሱም፣ እኛ ማን እንደሆኑ አልረሳንምና።